አማቴ የማይጠሩት ስም

ፈረንሳይኛ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፤ የረሳሁት ዲላ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደተወለድኩባት ከተማ ስመለስ፣ ቆላ ወርዶ ወፍራም ካፖርት እንደሚሸከም ሰው ነበርኩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመርኩ። ፈረንሳይኛዬን የሚሰማ ስላልነበረ ሽንኩርት ስልጥ ከራሴ ጋር አወራው ነበር፤ እያደር ቃላቱ ተንጠባጥበው አለቁ። ሴት ልጅ ስወልድ ታዲያ አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ ስሟ ፈረንሳይኛ ይሆናል። ቢያንስ አንድ ቃል በቤቴ ውስጥ በየቀኑ፣ በሰው ሁሉ አፍ ይጠራልኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈረንሳይ ዘመድ የለኝም፣ ሄጄም አላውቅ።

መቁረጡ ቀላል ነበር፣ መምረጡ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ቤተ ክርስቲያን ወስደን የምናስባርካት እሁድ እየቀረበ ነው። መጋቢው ሕፃኗን አቅፎ በምእመናኑ ፊት ስሟን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። አራስ ትተኛ ይባላል፤ እኔ ግን ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ እየተንቆራጠጥኩ ስም እቀምሳለሁ። ባለቤቴ አሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ በመኸር ወራት ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ስለዚህ በስልክ እጨቀጭቀዋለሁ። ከኋላው የመፈልፈያው ማሽን ይጮኻል።

«ሶላንዥስ?»

«የትል መድኃኒት ይመስላል።»

«ኦዲል?»

«እሱ ደግሞ የሞተር ዘይት ነው። አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ!»

ኮሎምብ ስለው ግን አልቀለደም። እርግብ ማለት እንደሆነ ስነግረው ጌታ ሲጠመቅ የወረደችው እርግብ ትዝ አለችውና «በቃ፣ አገኘሽው!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ደውሎ ስሟን አበሰረ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ጋደም አልኩ፤ ግን ብዙም አልቆየሁ።

ጎረቤቶቼ ሊጠይቁኝ መጡ። ስሙን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ «ትርጉም የሌለው ስም ምን ያደርጋል?» አለች፣ ሌላዋ «ኮሊ ብንላትስ?» አለች። ውስጤ ተቃጠለ። አማቴ ከኮንጋ የደረሱት በዚህ መሐል ነው፤ ይርጋጨፌ ድረስ በሞተር ሳይክል፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ቡላና ቅቤ ተሸክመው። እናቴ ስለሞተች የሚያርሱኝ እሳቸው ናቸው። የእሳቸው አፍ ጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመዱት። ልጄን ተቀብለው ጉንጯን በአፍንጫቸው ነካኩና ጠየቁኝ።

«ስሙ ምን ማለት ነው?»

የጎረቤቶቼ ነገር ገና ስላልበረደልኝ «ዝም ብሎ የፈረንጅ ስም ነው» ብዬ ቆረጥኩት። ማግሥቱን ገንፎ እያገነፉ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። አሁንም ዝም ብሎ ስም ነው አልኳቸው። አሾፉብኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ልብ አልኩ። አማቴ ልጄን አንድም ጊዜ በስሟ አይጠሯትም። «ይሄ ልጅ ራበው» ይላሉ። «ይሄ ልጅ ተኛ» ይላሉ። ወጥመድ ዘረጋሁ።

«እማማ፣ ማን ናት የምታለቅሰው?»

«ይሄ ልጅ ነው።»

«ስሟ ማን ነበር?»

ትክ ብለው አዩኝና ዓይናቸውን ሰበሩ። «አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጄ» አሉ።

ከዚህ በላይ ምን ንቀት አለ? እንደዚያ አሰብኩ። እጃቸው ግን ንቀት አልነበረበትም። ሰውነቴን በቅቤ ሲያሹኝ፣ ልጄን ሲያጥቡ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሲያደርቁ፣ እንዲህ ያለ ስስት ከእናቴ በኋላ አላየሁም። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፤ ሰው ልጅን እንዲህ እየወደደ ስሟን እንዴት ይጠየፋል? ያንን አንድ ቃል የምፈልገው ከሁሉ አስበልጬ ከእሳቸው አፍ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የባለቤቴ እህት ከኮንጋ መጣች። አማቴ ጓሮ ልብስ ሲያሰጡ ጠብቄ የሆዴን ዘረገፍኩላት። እጇን አጨብጭባ ሳቀች።

«የአያታችን ስም እኮ በ«ኮ» ነው የሚጀምረው! የአባታችን አባት። በእኛ ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ እንደሱ የሚጀምር ነገርም አትጠራም። እናታችን ካገባች ጀምሮ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ለመሆኑ ኮንጋ ስትል ሰምተሻታል?»

አልሰማሁም። ሁልጊዜ «እዛ እኛ ጋ» ነው የሚሉት።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለመናገር መጥራት አለባት እኮ!»

ባለቤቴ ከሰዓት ሲገባ በሩ ላይ ይዤ ነገሩን ነገርኩት። ደነገጠ። «እናቴ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምታወራው» አለ፤ «የምትለውን እንጂ የማትለውን ሰምቼ አላውቅም።» መናደድ ፈልጌ ነበር፤ ግን ፊቱ አሳዘነኝ። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ነገ እሁድ ነው። እንደገና መንቆራጠጥ ጀመርኩ፤ ሚሬይ፣ ኤሎዲ፣ ክሌር። ሁሉም አፌ ውስጥ አመድ አመድ አሉኝ። ቢሆንም ቆርጬ፣ አማቴ የደረቀውን ልብስ ወደሚሰበስቡበት ጓሮ ወጣሁ።

«እማማ፣ ስሟን እንቀይረዋለን።»

«ለምን?»

«እርስዎ እንዲጠሯት።»

ልብሱን አስቀመጡ። ከአሁን በፊት ተቆጥተውኝ አያውቁም።

«ማን ቀይሪ አለሽ? ምን ማለት ነው አልኩ እንጂ! ትርጉሙን ካወቅኩ እኔ በራሴ ቋንቋ እጠራዋለሁ። እኛ እንደሱ ነው የምናደርገው። አንቺ ነሽ የከለከልሽኝ።»

አፈርኩ። «እርግብ ማለት ነው» አልኳቸው።

«የቱ እርግብ? ቆርቆሮ ላይ የሚሰፍረው ነው ጫካ ያለው?»

አንድ ነገር ውስጤ ተነሣ። ፈረንሳዮች ቤት ላይ የምትሰፍረውን በሌላ፣ የዱሯንም በሌላ ስም እንደሚጠሩ፣ ኮሎምብ ግን ለጸሎትና ለሠርግ የምትጠራው ነጯ እንደሆነች አስረዳሁ። የጠፉ የመሰሉኝ ቃላት ተከታትለው መጡ፤ አንዱን ስናገር ሌላው ይጎተታል። እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በጥሞና ሰሙኝ፤ ያልገባቸውን መልሰው ጠየቁ። ወደ ዲላ ከተመለስኩ ወዲህ የፈረንሳይኛ ቃል ትርጉም ለማወቅ የጓጓ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ነጭ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ነጭ።»

ወደ ቤት ገብተው ልጄን አነሡና ጆሮዋ ሥር በጌዴኦኛ አንድ ቃል ተናገሩ። ደስ አለኝ፤ ቃሉ የእኔ ስላልሆነ ግን ቀናሁ።

እሁድ መጋቢው ኮሎምብ ብሎ ጠራት፤ ባረካት። አማቴ ከሁሉ በላይ ጮክ ብለው አሜን አሉ።

አሁን ልጄ መራመድ ጀምራለች። ጎረቤቶቼ እንደፈራሁት ኮሊ ይሏታል። ባለቤቴም ሲቸኩል ኮሊ ይላል። እኔ ራሴ ሲደክመኝ አልፎ አልፎ ያመልጠኛል። በቀደም ኮንጋ አማቴ ቤት ሄደን ዘመዶች ተሰበሰቡ፤ አንድ ሽማግሌ የልጅቷን ስም ጠየቁ። ባለቤቴ «ኮሊ» አለ። አማቴ ከተቀመጡበት ተነሡና በዓይናቸው ገሠጹት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሙሉውን ንገሪያቸው» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሽማግሌው አልያዙትም።

«ድገሚላቸው» አሉ አማቴ፤ «በደንብ ይሰሙ።»