ሱሉልታ የላክሁት ሕፃን

የልጄ ልጅ የእናቱን የግራ ጡት እንቢ አለ። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። በቀኝ ስታቀርበው ይጠባል፤ ወደ ግራ ስታዞረው ከንፈሩን ነካ አድርጎ ፊቱን ይመልሳል፣ ያለቅሳል። ልጄ ትስቅ ነበር። «ይሄስ እንደ አባቱ ምግብ አማራጭ ሊሆን ነው።» እኔም እየሳቅኩ፣ ወተቱ ረግቶባት እንደሆነ ላሽላት ብዬ እጄን ሰደድኩ። ጡቷ ሥር እንደ ጥሬ ባቄላ የጠነከረ ነገር ጣቴ ላይ አረፈ። ብገፋው አይሄድም።

«ያምሻል?»

«ኧረ ምንም።»

ምንም ማለቷ ነው ያርበደበደኝ። አክስቴ ላይ የወጣው እብጠትም አያማትም ነበር። ዓመት ሳይሞላት ቀበርናት።

የምንኖረው ሰበታ ነው፤ የልጄ ባል የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድናት። ፈረንጁ ሐኪም ጡቷ ጨርሶ መነሣት አለበት አለ። ሕፃኑ የት ይሁን ሲባል የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ሱሉልታ ለአባቱ እናት ላክሁት። «ሁለት ሳምንት ነው» አልኳት ልጄን። እሷም አመነችኝ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ነርሷ ግድግዳ አጠገብ አቁማ አሳየችኝ። ልጄ በግራ እጇ ጣቶች ግድግዳውን እንደ ጉንዳን እየወጣች፣ ክንዷ እንዳይደርቅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ እንድትል። እሺ አልኩ። ቤት ስንገባ ግን ያን ሁሉ ስፌት አየሁና ልቤ ከዳኝ። የተሰፋ ነገር ሲወጠር ይተረተራል፤ ይሄን ለማወቅ ትምህርት አያሻም፣ እኔ ደግሞ ከፊደል ገበታ አላለፍኩም። ክንዷን በነጠላ ከደረቷ ጋር ጥፍር አድርጌ አሰርኩት።

በሩንም ዘጋሁ። ቁስል ጠረን አይወድም ሲባል ነው ያደግኩት። ሽቶ የነካው፣ ከመንገድ የመጣ፣ ከባሏ አጠገብ ተነሥታ ሳትታጠብ የወጣች፣ ማንም እንዳይገባ። የልጄ ባል እንኳ ከፋብሪካ ሲመጣ ታጥቦ ልብስ ካልለወጠ አላስገባውም። ጠያቂ ሁሉ ከደጅ ይመለሳል። አንዷ ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ቤተ መንግሥት አደረግሽውኮ! እጅ ለመንሳት ስንት ወር ደጅ እንጥና?» አለችኝ። አብረዋት የመጡት ሴቶች ሳቁ። እኔ ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም።

ልጄ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እማዬ፣ ልጄን አምጪልኝ።»

«ቁስሉ ይድረቅ።»

«እኔ ነኝ እኮ የምደርቀው።»

ሁለቱ ሳምንት አልፎ ወር ሆነ፤ ሁለተኛውም ገባ። መጀመሪያ ሰሞን የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ የቀረው ጡቷ ወተቱን ያፈሰው ነበር፤ ቀሚሷ ሲርስ አይቼ ዞር እላለሁ። በኋላ ወተቱም ደረቀ። ከዚያ መጠየቁን ተወች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፤ ምግብ ሳቀርብላት ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትመልሳለች። አጠገቧ ተቀምጬ ትናፍቀኝ ነበር። የምታሾፍብኝ፣ «እማዬ ደግሞ!» የምትለኝ ልጄ። ያቺ ልጅ የት እንዳለችም አውቃለሁ፤ ከልጇ ጋር ሱሉልታ ነው ያለችው።

አንድ ቀን ጠዋት ገላዋ እንደ እሳት ፋመ። ቁስሉ አብጦ መግል ይዟል። ጋሪ ጠርቼ ወደ ክሊኒክ ይዣት በረርኩ። ቁስል አጣቢው ድሬሰር ነጠላውን ፈታ።

«ማነው ይሄን ያሰረው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ስፌቱ እንዳይፈታ ብዬ።»

ክንዷን ሊያነሣው ሲሞክር ጮኸች። ከወገቧ አላለፈም። መግሉን አፍስሶ፣ አጥቦ፣ ፔኒሲሊን ወጋት። «ቁስሉን እኔ አድነዋለሁ፣ እማማ። ክንዷን ግን እርስዎ ነዎት በቁሙ የሚቀብሩት።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ፣ አጥንትሽ እስኪወጣ ምግብ ምን አደረገሽ?»

«ልጄን ከለከለችኝ።»

ስለ ጠረን ነገርኩት። ሳቀ። «እኔ ከማለዳ ጀምሮ ስንቱን ቁስለኛ ስዳብስ ቆይቼ ነው የነካኋት። የኔ ጠረን ምነው አልገደላት?»

ሁለት ወር ሙሉ ልጄን ያስራብኳት እኔ ነኝ።

መርፌዋን ጨርሳ ትኩሳቱ በረድ ሲል፣ ባሏን አጠገቧ አስቀምጬ ሱሉልታ ሄድኩ። እንጦጦን ስንወጣ አውቶቡሱ ያቃስታል፤ እኔም አብሬው። የሕፃኑ አባት እናት ወተት ሻጭ ናት፤ አማርኛውን ከኦሮምኛው ትቀላቅላለች። «አካም ጅርታ፣ እንደምን አለሽ እቴ! ልጁን መርቀሽ የሰጠሽኝ መስሎኝ ነበርኮ» አለችኝ።

ሕፃኑ ከቀሚሷ ጀርባ ሆኖ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ወፍሯል። «ና፣ የኔ ጌታ» ስለው «አዮ!» ብሎ የእሷን እግር አቀፈ። አዮ በነሱ ቋንቋ እናት ነው። ልጄ ይሄን ከሰማች አለቀላት ብዬ ፈራሁ።

ሴትዮዋ ገባት። «ብቻውን አይመጣልሽም፤ እኔም እሄዳለሁ» አለችና ወተቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ተነሣች።

ስንደርስ ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱንም ክንዶቿን ዘረጋች፤ ግራው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ሕፃኑ የሱሉልታ አያቱ ጉያ ተሸጎጠ። «አዮ» አለ። ልጄ ክንዶቿን አጠፈች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳ አላዞረችም።

«ይሁን፣ እሷም እናትህ ናት» አለችው። «እኔም እዚሁ ነኝ።»

አያቱ አራት ቀን ሰነበተችልን። በሩን ከፍቼ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ልጄ ጥርሷን ነክሳ ጣቶቿን ግድግዳው ላይ ስታስኬድ፣ ሕፃኑ ቀረብ አለና ጣቱን ከጣቷ በታች ለጠፈ። ስትወጣ ተከተላት። ቁመቱ ሲያልቅበት ጮኸባት፤ ጠብቂኝ ማለቱ ነው።

«ድረስብኝ እንጂ፣ ሰነፍ!» አለችው።

እንደዚያ ስታሾፍ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ያን ቀን ምሳዋን ጨረሰች።

አያቱ ስትመለስ ሕፃኑ አለቀሰላት፤ ልጄም አብራው። ናፍቆት ከአንዱ ቤት ሲወጣ ሌላው ቤት ይገባል። የሱሉልታዋ አያትም በተራዋ ባዶ ቤት ገባች።

ክንዷ ከትከሻዋ በላይ እስኪወጣ ክረምቱ አለፈ። ድሬሰሩ የመጨረሻውን ፋሻ ፈታ፣ ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። «ገጥሟል። ከእንግዲህ እዚህ እንዳላያችሁ» አለ። የአዲስ አበባው ሐኪምም የቀኙን ጡት፣ ብብቷን፣ አንገቷን ዳብሶ፣ ሌላ ምንም የለም አለን። ከአውቶቡሱ ወርደን እግሬ የሰበታን መሬት ሲረግጥ ነው ድምፄን ከፍ አድርጌ ያልኩት፤ «ልጄ ድናለች። እኔም ከፍርሃቴ ወጥቻለሁ።»