ትኩሳቱ የለቀቀው ዕለት

ትኩሳት ሲለቅ በሽተኛው ዳነ ይባላል። ውሸት ነው። በወንድሜ ዓይነት ሕመም የሚያስፈራው ሰዓት ገና ያን ጊዜ ይጀምራል።

ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከባኮ በቆሎ ጭኖ ድሬዳዋ አራገፈ፤ እዚያው የመልስ ጭነት ሲጠብቅ ሳምንት ያህል ከርሞ አምቦ ሲገባ ሰውነቱ ይነድ ነበር። እኛ አምቦዎች ለትኩሳት ሁሉ አንድ አድራሻ አለን፤ ባኮ። ወባ ነው አልን። የደም ምርመራው ወባ የለበትም ሲል «ተደብቆ ነው» አልን። ከሁሉም ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ፣ ቤቴን በመጽሐፍ የሞላሁት ሰውዬ ነኝ። ድሬዳዋን ያነሳ አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት በላብ ተጠምቆ ቀዘቀዘ። ወባ የሚያውቅ ሰው ይህን ላብ ይወደዋል። እናቴ እልል አለች። ጎረቤታችን ሽማግሌው ከበር ላይ ሆነው «ፈያ ዳ! ድኗል፤ ተዉት ይተኛ» አሉ። ጋቢ ደራርቤለት በሩን ዘጋሁበት።

ከሰዓት በኋላ የእኚሁ ሽማግሌ ልጅ ልትጠይቀው መጣች። ነርስ ናት። ወንበር ብናቀርብላት አልተቀመጠችም። ጋቢውን ከእግሩ ገልጣ ጨበጠችው። ከዚያ የጣቱን ጥፍር ተጭና ለቀቀችና ቀለሙ እስኪመለስ ጠበቀች። ዘገየ።

«ሆድህን ያምሃል?»

«ከጠዋት ጀምሮ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ሽንት መቼ ሸናህ?»

አላስታወሰም።

«ትኩሳቱ እኮ ለቆታል» አልኳት። «ደግሞ ሞት መጠንቆል ጀመርሽ?»

«ጠንቋዩስ እርስዎ ነዎት ጋሼ፤ ሳይነኩት ድኗል ያሉት። እግሩ በረዶ ነው። ከባኮ ወዴት ነበር የሄደው?»

ድሬዳዋ ስላት ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ ድሬዳዋ ያለው የደንጊ ትኩሳት እንዳይሆን። ትንኝ ነች የምታመጣው፤ ግን የወባዋ አይደለችም። ትኩሳቱ ሲለቅ የደሙ ውሃ ከደም ሥር ሾልኮ ይወጣል። ተነሱ!»

ባጃጅ ውስጥ መሃላችን አስቀመጥነው። ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ሲያስል ከድዱ የወጣ ደም ሸሚዜን ነካው። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ደሙ መወፈሩን በምርመራ አይቶ ግሉኮስ አስቀጠለለትና «ይተርፋል?» ስለው «እስከ ነገ አይጠይቁኝ» አለኝ። ለክርክር ቃል አጥቼ የማላውቅ ሰው፣ እስከ ማግስቱ የወንድሜን ጥፍር እየተጫንኩ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቀለሙ በዘገየ ቁጥር የእኔ ትንፋሽም አብሮ ይቆማል። በማግስቱ ሽንቱ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ዜና የለም።

ተርፏል፤ ዛሬም ይነዳል። እኔን ግን እስካሁን የሚያባንነኝ ትንኟ አይደለችም፤ በገዛ እጄ የዘጋሁት በር ነው። ነርሷ ጥየቃውን ለነገ ብትለው ኖሮ ማንም አይከፍተውም ነበር።

አንተ የምታነበው፣ ቤትህ ውስጥ ትኩሳት የለቀቀው ሰው ተኝቶ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አስቀምጠውና ሂድ። ጋቢውን ግለጥና እግሩን ንካ። ከቀዘቀዘ ከእኔ ጋር አትከራከር፤ ሐኪም ዘንድ ውሰደው።