ያልመጡት ታካሚዎች

እህቴ የእጅ ቀዶ ሐኪም ናት። አንድ የሙያዋ መጽሔት ደግሞ ከመታተማቸው በፊት ጥናቶችን እየላከ ያስገመግማታል። የጸሐፊው ስም ተሰርዞ ይመጣል፤ የእሷም ስም ሳይጠቀስ አስተያየቷ ይሄዳል። ክፍያ የለውም። «ታዲያ ምን አደከመሽ?» ስላት፣ «ሐኪም እጅ የሚቀድደው የተጻፈለትን አምኖ ነው፤ የተጻፈው ስህተት ከሆነስ?» ትለኛለች። ለነገሩ መገምገም አመሏ ነው። እኔን ወንድሟን ሳህን ሳጥብ እንኳን አትምረኝም።

ባለፈው ዓመት ስለተበጠሰ የጣት ጅማት አሰፋፍ አንድ ጥናት ደረሳት። አሰፋፉን ወደደችው። ጸሐፊው ግን ለክትትል የተመለሱትን ታካሚዎች ብቻ ቆጥሮ «ውጤቱ ድንቅ ነው» ይላል። «ያልመጡትስ? ድነው ነው የቀሩት ወይስ ተስፋ ቆርጠው? ሳይፈለጉ አይታተም» ብላ ላከች።

ብዙም ሳይቆይ ቢሮ የሚጋሯት አንጋፋ ሐኪም፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው፣ ፊታቸው ቅጭም ብሎ ገቡ።

«ጡረታ ሳልወጣ አንዲት ጥናት ላሳትም ብዬ ተደብቄ ጽፌ ነበር፤ አንቺን ላስደንቅ። አንዱ ልበ ደረቅ ገምጋሚ አፈር ድሜ አስጋጣት!»

«ምን አለ?»

«ያልመጡትስ ይላል! ሰው ከቀረ ጎትቼ ላምጣው?»

እህቴ፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ክው አለች። እኔ ነኝ እንዳትል ምስጢር ነው። ዝም እንዳትል፣ ጋሼ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ሊቀዳድዱት ተነሥተዋል።

«ይተዉ ጋሼ፤ እስቲ መጀመሪያ ስልክ ይደውሉላቸው።»

«ከእሱ ጋር ወገንሽ?»

«ከታካሚዎቹ ጋር ነኝ።»

በዚያው ዕለት ለአዘጋጁ «ጸሐፊውን አውቄያቸዋለሁ፤ እርማቱን ሌላ ሰው ይየው» ብላ ጻፈች።

ጋሼ እያጉረመረሙ መደወል ጀመሩ። አንዱ ሹፌር «ምን ልሠራ እመጣለሁ? ይኸው መሪ ይዣለሁ!» ብሎ ጆሯቸው ላይ ዘጋ። ደስ አላቸው። አንዲት ልብስ ሰፊ ግን ጣቷ አልታጠፍ ብሎ ሥራ መፍታቷን፣ እሳቸውን ላለማሳዘን አፍራ መቅረቷን ነገረቻቸው። ጋሼ አስመጥተው ደግመው አከሟት፤ ያልተሳካውንም ሳይደብቁ ጥናቱ ውስጥ ጻፉት። አዲሱ ገምጋሚ አሳለፈላቸው።

የታተመ ዕለት ሁለት ቅጂ ይዘው እየሳቁ ገቡ።

«ያ ልበ ደረቅ ሸሸ መሰለኝ! ግን ልብስ ሰፊዋ ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር አስገብታ አሳየችኝ። አንዱን ቅጂ ለእሱ ነበር የምሰጠው፤ ማን እንደሆነ አይነገርም አሉኝ እንጂ።»

«አዎ፣ አይነገርም» አለች እህቴ አንገቷን ደፍታ።

«እንግዲያው እዚህ ይቀመጥለት» አሉና ጠረጴዛዋ ላይ አኑረውላት ወጡ።