ማኅተም ያልነካው ቴምብር

ስልኩ ሲደወል አርባ ምንጭ፣ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ አንባቢዎች የመለሷቸውን መጻሕፍት በየመደርደሪያቸው እየሰካሁ ነበር። ረቡዕ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም። ደዋዩ የመካኒሳው የድሮ ጎረቤታችን ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በፖስታ ቤት መስኮት አሳልፈው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቴምብሮቻቸው ጋር የሚውሉ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«የሞተ የለም። ደብዳቤ ተገኘ። የእናትሽ የእጅ ጽሕፈት ነው። የተጻፈው ለእህቷ ለብርቄ ነው።»

ቁጭ አልኩ።

እናቴ አስካለ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ከታላቅ እህቷ ከእትዬ ብርቄ ጋር የተቆራረጡት ግን እኔ ሳልወለድ ነው። ምክንያቱን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ልጇ ሲሞትባት ጻፍኩላት። መልስ ነሳችኝ።» እትዬ ብርቄ በእናቴ ለቅሶ መጥተው ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው አለቀሱ፤ እኛን ልጆቿን ግን እጃቸውን እንኳ ሳይሰጡን ወጡ። ያን ቀን ያለቀ ነገር መስሎኝ ነበር።

«ተከፍቷል ጋሼ?»

«የሰው ደብዳቤ እከፍታለሁ? መጥተሽ ውሰጂው። የማሳይሽም ነገር አለ፤ እሱ በስልክ አይሆንም።»

ዓርብ፣ ንጋት 11 ሰዓት፤ አርባ ምንጭ መናኸሪያ

ጸሎቴን አድርሼ፣ አንድ ካርቶን ሙዝ በገመድ አስሬ ወጣሁ። ከዚህ አገር ወደ መካኒሳ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው። አውቶቡሱ ገና ሞተሩን እያሞቀ ነው። ሐይቁ አይታይም፤ ሽታው ብቻ ከታች ይመጣል። ሾፌሩ ካርቶኑን ጣራ ላይ ሲያስጭን «እመቤት፣ ይሄ ሁሉ ሙዝ አዲስ አበባ ሲደርስ ይበስላል» አለኝ። ይብሰላ።

ሶዶ ላይ ማርታ የምትባል ሴት አጠገቤ ተቀመጠች፤ የጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ጴንጤ። እስከ ሆሳዕና ድረስ የሁሉንም ነገር ዋጋ ነገረችኝ። ከዚያ የኔን መንገድ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ሳይከፈት ተቀመጠ?» አለች፤ አላመነችም። «እኛ ቤት ቢሆን ወንድሜ ከፍቶ፣ አንብቦ፣ ለሰፈሩ አውርቶ ጨርሷል!»

«እኔም እንዳልከፍተው ነው የምፈራው።»

«አትክፈቺው» አለችኝ፤ ይሄን ጊዜ ሳቋን ትታ። «የተጻፈላት ሴት በሕይወት አለች አይደል?»

ዓርብ፣ 6 ሰዓት፤ ቡታጅራ

የመንገዱ ዳር አረንጓዴ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት በክምር በክምር ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ የጾም በያይነቱ ሽታ ያውዳል፤ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው። የነቢያት ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።

ሾፌሩ ከማዶ ጠረጴዛ ጮኸ፤ «እመቤት፣ መንገደኛ ይፈቀድለታል እኮ!»

«ማን ነው የፈቀደልኝ?»

«እኔ!»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ግን አልበላሁም።

ዓርብ፣ 10 ሰዓት፤ መካኒሳ አቦ

ከአየር ጤና በሚኒባስ ታክሲ ነው የመጣሁት። ረዳቱ ካርቶኔን አየና «ሙዙም ሒሳብ አለው!» አለኝ። «ሙዙ ጭኔ ላይ ነው የሚቀመጠው» ስለው «እሱማ፣ ጭንሽን ይዞታል» ብሎ አስከፈለኝ። አቦ በር ላይ ወርጄ ተሳለምኩ። ሰፈሩን ስተወው ያልነበሩ ፎቆች መሀል ያው አሮጌ ሱቆች አሉ፤ ስልክ ጠጋኙ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ሻማና ጧፍ ሻጮቹ።

ጋሽ ዘውዴ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አቅፈው ሳሙኝና መጀመሪያ ያዩት ካርቶኑን ነው።

«ሙዝ! ቶንጋ የምትባል የደሴት አገር በሙዝ ቅርጽ የተቆረጠ ቴምብር እንዳተመች ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ቡታን ደግሞ ሸክላ አድርጋ አትማለች። ቴምብሩን ማጫወቻው ላይ ብታደርጊው ይዘፍናል። እውነቴን ነው!»

እንዲህ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ አልበም በአልበም ላይ ተደርድሯል። ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ዓለምን አዞሩኝ። የመጀመሪያውን ቴምብር ታሪክ ነገሩኝ፤ እንግሊዞች ያተሙት፣ የንግሥታቸው ፊት ያለበት ጥቁር ቴምብር ነው። ቀይ ማኅተም ይመቱበት ነበር፤ ሰው ቀዩን እያጠበ ደግሞ እንዳይለጥፈው ሰጉና ቴምብሩን ቀይ፣ ማኅተሙን ጥቁር አደረጉት። ቀጥለው አውሮፕላኑ ተገልብጦ የታተመበትን የአሜሪካኖቹን ቴምብር አነሱ፤ ስሕተቱ ነው ውድ ያደረገው። የራሳችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ መታተማቸውንም እንደ ቤተ ዘመድ ወሬ አወሩኝ።

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። የቴምብር ፎቶግራፍ ነው።

«ይሄ የሲሲሊ ንጉሥ ነው። ፊቴ ላይ ጥቁር ማኅተም አይረፍ ብሎ ልዩ ማኅተም ተሠራለት። እንደ ፈረስ ጫማ የጎበጠ ነው፤ ዳር ዳሩን ይመታል፣ ፊቱን አይነካም። መንግሥቱ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። ፊቱ ግን ይኸው፣ እስከ ዛሬ ንጹሕ ነው!» ሳቁና ሳቃቸውን ቶሎ ተዉት። «እናትሽ ይሄን ንጉሥ አታውቀውም። ግን ወደኔ መስኮት ስትመጣ ሁሌ የምትገዛው የእመቤታችን ሥዕል ያለበትን ቴምብር ነበር። ‹ጋሽ ዘውዴ፣ በማርያም፣ ፊቷ ላይ እንዳትመታ› ትለኝ ነበር። ጫፏን ብቻ ነካ አድርጌ አሳልፍላታለሁ።»

ፖስታውን ከላስቲክ ከረጢት አወጡት። ቢጫ ሆኗል። ፊቱ ላይ የእናቴ ጽሕፈት አለ፤ ፊደሎቿ እንደ ሁልጊዜው ወደ ቀኝ ዘመም ዘመም ብለዋል። ቴምብር የለም። በሰማያዊ እርሳስ «ቴምብር የለውም፣ ያስከፍላል» ተብሎበታል፤ ከሥሩ በሌላ እጅ «ተቀባይዋ አልቀበልም ብላለች» የሚል አለ።

«ወደ ላኪ ተመልሷል» አሉ። «የላኪው አድራሻ አባትሽ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት የፖስታ ሳጥን ነው። አባትሽ ያኔ ወዲያው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት አንድ ካርቶን ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን ተቀመጠ። አሁን ግምጃ ቤቱ ሲጸዳ ወረቀቱ በኪሎ ተሸጠ፤ እዚሁ መካኒሳ የውራጅ ወረቀት መሸጫው ጋ አገኘሁት።»

«እናቴ ቴምብር ሳትለጥፍ ትልካለች?»

«ነይ ወደ መስኮቱ።»

ፖስታውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ፀሐዩ አነሱት። ቴምብር ሰብሳቢ ወረቀቱን የሚመረምረው እንዲህ ነው። በክዳኑ በኩል፣ ከውስጥ፣ ጥርስ ጥርስ ጠርዝ ያላት አራት ማዕዘን ጥላ ታየችኝ።

«ከውስጥ ለጠፈቻት» አሉ። «ማኅተም እንዳያርፍባት። ለመንግሥት የሚገባውን ከፍላለች፤ እመቤቷንም ከዱላ አድናለች። በእሷ ቤት ሁሉም ትክክል ነው።»

«ለርስዎ ሰጥታ ቢሆን ኖሮስ?»

ፖስታው ፊት ላይ ከተመታው ማኅተም ቀኑን በጣታቸው አሳዩኝ። ጥቅምት 5 ይላል። የአቦ ዓመታዊ ንግሥ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ቀን ፈቃድ ወስጄ ቤተ ክርስቲያን እውል ነበር። እሷ ከንግሥ መልስ ሄዳለች። መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ነበረ።» ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ሲከፈት ከጎን በኩል ይቆረጥ። ክዳኑ አይነካ። ከኔ በኩል ይኸው ነው።»

በዚያ ዓመት በጥቅምት እናቴ እኔን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷት ነበር። እትዬ ብርቄ ያኔ ወደሚኖሩበት ጅማ ድረስ ሄዳ ማልቀስ አይፈቀድላትም። ደብዳቤውና እኔ እኩያሞች ነን።

ቅዳሜ፣ ረፋድ 3 ሰዓት፤ ሀና ማርያም

ወንድሜ ቤት አድሬ፣ ከሙዙ ግማሹን ይዤ በላፍቶ በኩል መጣሁ። ፖስታውን ዳዊቴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ታክሲው ውስጥ ሁለቴ በእጄ ዳሰስኩት። ክዳኑ እንደሆነ ሙጫው አርጅቷል፤ ጥፍር ይበቃዋል። ዳዊቱን ዘጋሁትና በነጠላዬ ጠቀለልኩት።

እትዬ ብርቄ አሁን ከሚኖሩበት ከሌላ ልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ግን አወቁት።

«የአስካለ ልጅ ነሽ።»

«አዎ እትዬ። እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን አመጣሽ?»

«ሙዝ።»

«ሌላስ?»

ፖስታውን ሰጠኋቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩትና መልሰው ጉልበቴ ላይ ጣሉት።

«አውቀዋለሁ! ጅማ ፖስታ ቤት አስጠርተውኝ፣ ቴምብር የለውም፣ እጥፍ ክፈይ አሉኝ። ልጄን ቀብሬ ሳምንት ሳይሞላኝ! የማጽናኛዋን ዋጋ እኔ እንድከፍላት? ድሃ ብትሆን አንድ ነገር ነው፤ ባሏ መምህር አይደለም?»

ልከራከር አልኩና ተውኩት። ክንዳቸውን ይዤ አስነሣኋቸው፤ ፖስታውን ፊታቸው ላይ ወደ ፀሐይ አነሳሁት።

«ምን ይታይዎታል?»

«ምንም… ቆይ። ይቺ ጥቁር ነገር ምንድን ናት?»

«ቴምብር ናት። የማርያም ሥዕል አለባት። ፊቷን እንዳይመቷት ብላ ከውስጥ ለጥፋት ነው።»

እትዬ ብርቄ ጥላዋን በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱ። ከአጥሩ ማዶ ሽንኩርት የሚያዞር ሰው እየጮኸ አለፈ።

«አስካለ ናታ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ሆነን፣ ቅዱስ ሥዕል ያለበት ቁራጭ ጋዜጣ መንገድ ላይ ካየች አንስታ ስማ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትወትፍ ነበር። ቤታችን በወረቀት ሊፈርስ!» ሳቁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። «መቀስ አምጪ። አንቺ አንብቢልኝ፤ እኔ አላይም።»

ከጎን በኩል ቆረጥኩት። ሁለት ገጽ ነው። ያነበብኩትን እዚህ አልጽፍም፤ የሁለቱ ነው። አንድ መሥመር ብቻ ፈቅደውልኛል፤ «በሆዴ ያለው በሰላም ሲወለድ መጀመሪያ ላንቺ ይዤው እመጣለሁ፤ አንቺ ታቅፊዋለሽ።»

እትዬ ብርቄ እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ዳሰሱ።

«መንገድ ላይ ብዙ ቆየሽ» አሉኝ። ከዚያ አቀፉኝ።

በተቆረጠው ጎን ፖስታውን ከፈት አድርገን ቴምብሯን አየናት። ቀለሟ እንደ ትናንት ነው። ተሳለሟት፣ እኔም ተሳለምኩ። ከዚያ ያመጣሁትን ሙዝ አብረን በላን።

ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት፤ መካኒሳ

ለጋሽ ዘውዴ ልነግራቸው ተመለስኩ። ሁሉንም ሰምተው ካበቁ በኋላ ኮፍያቸውን አደረጉ። «ካርቶኑ ውስጥ አንድ ብቻ አልነበረም» አሉኝ። እሳቸው ሲደርሱ ሌሎች ፖስታዎችን አንዲት ባለ ሱቅ ለቅመም መጠቅለያ ወስዳለች፤ አንድ ባለ ብስክሌት ሰውም የቀረውን ጭኖ ሄዷል።

እናም ይህን የምታነቡ፣ ባለፈው ኅዳር መካኒሳ ውራጅ ወረቀት መሸጫው ጋ የነበራችሁ፣ ከዚያ ካርቶን የገዛችሁ፤ እህቴ ባለ ሱቋ፣ ወንድሜ ባለ ብስክሌቱ፤ በእጃችሁ የቀረ የታሸገ ፖስታ ካለ፣ ቅመም ሳትጠቀልሉበት፣ እሳት ሳታያይዙበት በፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ አንሱት። አትክፈቱት። ፊቱ ላይ ያለውን ስም ብቻ አንብቡና፣ ሰውየው በሕይወት እንዳለ ጠይቁልኝ።