ስምንት መቶ ካሎሪና የጠበበው ቬሎ

ትናንት ምሳ ላይ ልጄ ሐያት የቀረበላትን ዓሣ ገፋ አድርጋ ስልኳን አነሳች። ጠዋት ከባሮ የወጣ፣ ገና ከመጥበሻው የወረደ ዓሣ! «ምነው?» ብላት «ኡሚ፣ የዛሬውን ጨርሻለሁ» አለችኝ። ምኑን ነው የጨረሰችው? ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀምሳ ወደ ማስተማሯ ከሄደች ወዲህ ከጥቂት ብስኩት በቀር እህል የሚባል አላየችም። ስልኩን ተቀብያት መነጽሬን አደረግኩና አነበብኩ። በቀን ዘጠኝ መቶ ካሎሪ ይላል። ከሥሩ አረንጓዴ ልብ ተስሎ በእንግሊዝኛ «ጎበዝ!» ብሏታል።

ደሜ ፈላ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት ከማለት ወረወርኩት ማለት ይቀላል። «ኡሚ፣ ስልክ እኮ ነው» አለች ደንግጣ። ስልክ መሆኑን መች አጣሁት! ባለቤቴ ሙሐመድ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ዓሣው ተመለሰ። እኔ ግን አንዴ ከተነሳብኝ በቀላሉ አልበርድም፤ ስለዚህ ለሐያት እስከዚያን ቀን ያልነገርኳትን ነገር እዚያው ገበታው ላይ ነገርኳት።

እኔም በእሷ ዕድሜ ቁጥር ተሰጥቶኝ ነበር። አባቴ እዚሁ ጋምቤላ ገበያው ዳር ሱቅ ነበረው። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ጨርቅ ይሸጣል፤ ከአቦቦና ከጎግ የሚመጣውን ማሽላና በቆሎ ደግሞ በጆንያ ይረከባል። እኔ ያደግኩት ከባንኮኒው ኋላ ነው። ወፍራም ነበርኩ፣ ምን ልዋሽ! ሰፈሩ ሁሉ ዘለግ ዘለግ ባሉ ቀጫጭን ልጆች በተሞላበት ከተማ እኔ ድቡልቡል ነበርኩ፤ «ዘሃራ ኳሷ» ይሉኛል፣ እኔም እመልስላቸዋለሁ፣ ተሳስቀን እንለያያለን። እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ጀማል መጣ። የመቱ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ልኮ አባቴ እሺ አለ፤ እኔም ወድጄው ነበር። ሠርጋችን ከኢድ በኋላ ተባለ። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አክስቱ ዘምዘም ቬሎ ይዛ ከመቱ ወረደች። «አንቱ» ማለት ይገባኝ ነበር፣ ግን እስከ ዛሬ ከአፌ አይወጣልኝም። ቬሎው ከአዲስ አበባ በኪራይ የመጣ ነው። እናቴ ጓዳ አስገብታ አለበሰችኝ፤ ዚፑ ወገቤ ላይ ደረሰና እንቢ አለ።

«ለልብስ ሰፊው እንሰጠዋለን፣ ጎኑን ይለቀዋል» አለች እናቴ።

«የኪራይ ልብስ መቀስ አይነካውም» አለች ዘምዘም። «ልጅቷ ትቅጠን እንጂ! ገና ወር አለን። የኔ ልጅ አዲስ አበባ እንዴት እንደከሳች ብታዩ! በቀን ስምንት መቶ ካሎሪ ነው የምትበላው። እሷም እንደዚያ ታድርግ።»

ያ አላህ! ሰው ከልብስ ጋር ሲጣላ ልብሱ ነው የሚስተካከለው ወይስ ሰውየው? ያን ጊዜ ግን እንዲህ አላልኩም። እናቴም አላለችም፤ የአማች ወገን ነውና አንገቷን ደፋች። ዘምዘም የምግቡን ልክ በቃል ነገረችኝ፤ እንቁላል ይህን ያህል፣ ዳቦ ይህን ያህል፣ ዘይት በጭራሽ። ልጇ ደጋ ከተማ ቢሮ ተቀምጣ የምትውል ናት። እኔ ጆንያ የምጎትት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውል፣ ውሃ የምቀዳ ሴት ነኝ። እንዴት እንደምውል አንድ ሰው አልጠየቀኝም።

ረመዳን ገባ። በረመዳን ረሃብን ከመደበቅ የቀለለ ነገር የለም፤ የሁሉም ሰው ከንፈር ደርቋል፣ የሁሉም ድምፅ ቀንሷል፣ ማን ማንን «ምን ሆነሽ ደከምሽ?» ይላል? ሙቀቱ ደግሞ ሙቀት እንዳይመስላችሁ። ባሮ ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል፤ ከአቦቦ የሚመጡት መኪኖች ያስነሱት አቧራ አልወርድ ብሎ ይውላል። አፍጥር ላይ ቤተሰቡ ተምሩን ቀምሶ ወደ ሾርባውና ወደ ሳምቡሳው ሲያጋድል፣ እኔ አንድ ተምርና ጥቂት ማንኪያ ሾርባ ወስጄ ለሶላት እነሳለሁ። ሳምቡሳዬን ወንድሞቼ ይሻሙበታል። ሊነጋ ሲል ለሱሑር እንድበላ ሲቀሰቅሱኝ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። ውሃ እንኳ በወጉ አልጠጣም ነበር፤ ሆዴን የሚነፋው ይመስለኝ ነበር።

የመመዘኛው ነገር ደግሞ ዛሬም ያናድደኛል። ቤታችን የሰው ሚዛን የለም፤ ያለው ማሽላ የሚመዘንበት የሱቁ ትልቅ ሚዛን ነው። አባቴ ለምሽቱ ሶላት፣ ለመግሪብ ውዱእ ሊታጠብ ሲወጣ እሱ ላይ እወጣለሁ። እስቲ አስቡት! ቀኑን ሙሉ በጋምቤላ ፀሐይ ላብ ሆኜ አልቄ፣ ጠብታ ውሃ ሳልቀምስ፣ ልክ ከማፍጠሬ በፊት። የሚጎድለው ስቡ ሳይሆን በላብ የወጣው ውሃዬ ነበር። እኔ ግን ቁጥሩ ሲወርድ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኝና ከሾርባው ማንኪያ እቀንስ ነበር። ፀጉሬ በማበጠሪያ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ የወር አበባዬ ቀርቷል፣ እኔ ስለ ዚፑ አስባለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማታር ለመጣች ደንበኛ ስኳር እየመዘንኩ ሳለ መደርደሪያው ዞረብኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጤና ጣቢያ ተኝቼ፣ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተተክሎ ነው። አጠገቤ ሲስተር አሪየት ቆማለች። አኙዋክ ናት፤ ረጅም፣ ቁጡ፣ ከተማው ሁሉ የሚፈራትና የሚወዳት ነርስ። እናቴን ውጭ አስወጥታ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ተናገርኩ።

«ስምንት መቶ?» አለች። «ማነው የሰጠሽ?»

«የእጮኛዬ አክስት።»

«እሷ ሰውነትሽን ታውቀዋለች?» ብላ ጮኸች። «እናንተ ሙስሊሞች፣ ጾማችሁ ማታ ይፈታል አይደል? ያንቺ መቼ ነው የሚፈታው?»

አለቀስኩ። እሷ ግን ማባበል አታውቅም፤ ወንበር ስባ ቁጭ አለችና በቁጣዋ ውስጥ ማስተማር ጀመረች። ሰው ተኝቶ ውሎ እንኳ ሰውነቱ ከስምንት መቶ የበለጠ ይፈልጋል አለችኝ። ቁመቴን፣ ክብደቴን፣ ሥራዬን ጠየቀችኝ። «መጀመሪያ አንቺ በቀን የምታቃጥይው ይታወቃል። ከእሱ ላይ ጥቂት ነው የሚነሳው፤ አምስት መቶ ቢሆን ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደ ጥሩ ነው። አሁን ግን ምንም አትቀንሺም፣ መጀመሪያ ትድኛለሽ።»

«ሠርጉስ?»

«ለሠርጉ አይደርስም» አለች ቁርጥ አድርጋ። «ልብሱን አስፉት።»

ማታውኑ ጀማል መጣ። ከመቱ እቃ ሊያራግፍ ወርዶ ነው የሰማው። በሩ ላይ ሳየው ደስ አለኝ፤ እጄን ይይዘኛል፣ «ምነው ሳትነግሪኝ» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጋው ግርጌ ቆመ፤ ግሉኮሱን አየ፤ ከዚያ ጉንጬን፣ ከዚያ ወገቤን አየ።

«ከስተሻል እኮ!» አለ ፈገግ ብሎ። «ስንት ኪሎ ቀረሽ?»

ወላሂ እንዲህ ነው ያለው። «ውጣ!» አልኩት። አልገባውም፤ ሳቀ። «ውጣልኝ! ቀለበትህንም ውሰድ!» ብዬ ስጮህ ሲስተር አሪየት ሮጣ ገባች። ቀለበቱ ጣቴ ላይ ሰፍቶ ስለነበር ሳይታገለኝ ወጣ።

በማግስቱ ዘምዘም ቤታችን ደርሳ አፏን ከፈተች። «ልጃችሁ አእምሮዋ ተነክቷል፣ ሰው ተጠርቷል፣ ስማችን ጠፋ!» እናቴ እያለቀሰች «ትታረቅ ይሆናል» ትላለች። አባቴ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ሶፋው ላይ የተዘረጋውን ቬሎ አጣጥፎ ፌስታል ውስጥ ከተተና አስታቀፋት።

«እዚህ ቤት የሚመዘነው ማሽላ ነው» አላት። «ይህን ይዘሽ ተሳፈሪ።»

ታሪኬን ስጨርስ ሐያት ዓይኗ እንባ አቅሮ ነበር። እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም። «አንቺስ ለማን ነው የምትከሺው?» አልኳት።

«ለማንም አይደለም ኡሚ። ሐኪሙ ስኳር እንዳይይዝሽ ትንሽ ቀንሺ ብሎኝ ነው።»

ይሄ ሌላ ነገር ነው፤ ለጤና መቀነስን ማን ይቃወማል? ታዲያ ዘጠኝ መቶ ከየት መጣ? ስልኩን ከፍታ አሳየችኝ። ስልኩ በምን ያህል ፍጥነት መቀነስ እንደምትፈልግ ጠይቋት ኖሯል፤ እሷ የመጨረሻውን ፈጣን መርጣለች። ሥራሽ ምን ዓይነት ነው ለሚለው ደግሞ «ተቀምጬ እውላለሁ» ብላለች፤ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ የምትውል ልጅ! «ማን እያባረረሽ ነው?» አልኳት። አብረን ቁጭ ብለን በእውነቱ ሞላነው፤ ፍጥነቱንም ወደ ቀስታው መለስነው። አዲሱ ቁጥር የፊተኛውን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው።

«በዚህማ ዓመት ይፈጃል» አለች።

«ይፍጅ!»

ሳቀችና ዓሣውን ወደ ራሷ ሳበች። እያጎረስኳት አልነበረም፣ ራሷ ነው የበላችው። እኔም ያንን ቁጥር የሰጡኝን ሰዎች በልቤ መርገሜን ቀጠልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ይቅር በይ የሚለኝ ካለ ምሳውን በልቶ ይሂድ። ሐያት አጥንቱን እየለቀመች ወደ አባቷ ዞረች።

«አባ፣ አንተ ስታገባት ስንት ኪሎ ነበረች?»

ሙሐመድ ቀና አለ። ሰው ሚስቱን መዝኖ ያገባል ወይ ብሎ ግራ እንደገባው ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ።