«ዱ» የተጻፈበት ቆርቆሮ

ዛሬ ጠዋት ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ሻይ እየጠጣሁ ሳለ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ሞተሩ ከውስጥ እያንኳኳ አለፈ። አጠገቤ የተቀመጡት ገበሬዎች ስለ ኮምባይነር ወረፋ የያዙትን ወሬ እንኳ አላቋረጡም። እኔን ግን ሻዩ መረረኝ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ዘይት ያጣ ብረት ከብረት ጋር ሲማታ የሚወጣ ነው። እዚሁ ከተማ፣ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ፣ በገዛ እጄ ያመጣሁት ድምፅ ነው።

ወደ ባሌ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን፣ የአውቶ መካኒክ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ለአንድ የሙያ ማሰልጠኛ አስተማሪ ሆኜ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ተማሪዎቹ በየቤታቸው ተበተኑ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ቢከብደኝ ሐጂ አልዪ የሚባሉ ሰው ጋራዥ ሄጄ ልሥራ አልኳቸው፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። ባሌ ላይ ክረምት እንደ እኛ አገር አይደለም። እኛ ዘንድ ገበሬው ጭቃ ውስጥ ሲዘራ እዚህ የበልጉ ገብስ ይደርሳል፤ ዝናብና አጨዳ ይሻማሉ። ጠዋት ጠዋት ከጭጋጉ ጋር የእርጥብ ጭድ ሽታ ጋራዡ ድረስ ይመጣ ነበር። ይህን ሁሉ የማጣጥመው ዛሬ ነው። ያኔ ከዲፕሎማዬ ሌላ የሚሸተኝ ነገር አልነበረም።

የጋራዡ ዋና ሠራተኛ ከድር ይባላል፤ እኩያዬ ነው። እስከ ሦስተኛ ክፍል በአማርኛ ፊደል ተምሮ፣ አባቱ ሲሞቱ አቋርጦ፣ ከዚያ በኋላ ብረት ነው ያሳደገው። ጆሮውን ወደ ሞተር አስጠግቶ ሕመሙን የሚለይ ሰው ነበር። ይህን መመስከር ዛሬም ይተናነቀኛል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይንና ናጫ ሆንን። ስገባ «ዲፕሎማ መጣ» ይላል፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው። እኔም የዕቃ ስም በተሳሳተ ቁጥር እንደ ተማሪ አርመዋለሁ። ምሳ ላይ ከቤቱ ያመጣውን ጭኮ፣ ቅቤው ጣት ላይ የሚቀልጠውን የገብስ ጭኮ፣ ለሁሉም ሲያቀርብ ለእኔም ያቀርብልኛል። እኔ ጾም ነኝ እላለሁ። ጾም አልነበርኩም፤ እሱም አለመጾሜን ያውቅ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ አንድም ቀን ስለ ሥራ ጠይቄው አላውቅም። እሱን ከምጠይቅ ሞተር እስኪፈነዳ ብጠብቅ ይሻለኛል የምል ነበርኩ፤ እግዜርም ሰማኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ሙክታር የሚባል የገሰራ ስንዴ ነጋዴ ከአዲስ አበባ የገዛትን ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ይዞ መጣ። ሆዷ መሬት ሊልስ ምንም አልቀረውም። ለገሰራ ጭቃ አትሆንም፤ የገዛት ለአዲሱ አስፋልት ነው። ችግሯ ከዲንሾ ወደ ሮቤ ቁልቁል ስትወርድ፣ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲያዝ፣ የዘይት መብራቷ ቦግ ማለቱ ነበር። የሞተር ዘይት የሚጠራቀመው ከሥር ባለው ሳህን፣ እኛ ኮፓ በምንለው ውስጥ ነው፤ ፖምፓው ከዚያ እየሳበ ወደ ላይ ይረጨዋል። መኪና በፍጥነት ወርዶ ፍሬን ሲይዝ ዘይቱ ወደ ፊት ይሸሽና ከኋላ ያለው የፖምፓው አፍ አየር ይስባል።

ለዚህ የሚሆን መከለያ አለ። ኮፓው ውስጥ የሚታሰር፣ ትናንሽ በሮች ያሉት ቆርቆሮ ነው። በሮቹ ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚከፈቱ ዘይቱ ወደ ፖምፓው ይገባል እንጂ ተመልሶ አይወጣም። ሙክታር ይህን ከውጭ አገር አስመጣ። የመኪናዋ ፋብሪካ የሠራው አልነበረም። የብሎን ቀዳዳዎቹ ወዲህም ወዲያም ቢያዞሩት ይገጥማሉ። አብሮት የመጣው ወረቀት የተጻፈው ደግሞ ማናችንም በማናውቀው ፊደል ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ከድር ቆርቆሮውን ኮፓው ውስጥ አስቀምጦ አሮጌ ዘይት አፈሰሰበት። ከዚያ ኮፓውን በሁለት እጁ አቅፎ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ያዘነብለዋል፤ ጎንበስ ብሎም የትኛው በር መቼ እንደሚከፈት ያያል። እኔ ሳቅኩ። ገንፎ ልታገነፋ ነው ወይ አልኩት። ሠራተኞቹም ሳቁ። እሱ ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ።

በማግሥቱ አርብ ነበር። ሙክታር ቅዳሜ እናቱን ከሻሸመኔ ሐኪም ቤት ሊያመጣ ስለሆነ መኪናዋ በዚያው ቀን ማለቅ ነበረባት። ከድር ወደ ጁምዓ ሶላት ሊሄድ ሲነሳ ጠመኔ አነሳና የቆርቆሮው አንድ ጠርዝ ላይ «ዱ» ብሎ ጻፈ። ይህ ጠርዝ ፊደሉ በሚለው በኩል ይሁን ብሎኝ ወጣ።

አንድ ፊደል ብቻ። ቆሜ አየኋት። ከኦሮምኛ ከማውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዱ «ዱራ» ነበር፤ ፊት ማለት ነው። «ዱባ» ኋላ ማለት መሆኑን ግን አላውቅም። ዱባ ለእኔ ወጥ የሚሆን አትክልት ነው። ስለዚህ ምልክት ያለበትን ጠርዝ ወደ ሞተሩ ፊት አዙሬ አሰርኩት። ከድር ገና የግቢውን በር አልወጣም ነበር፤ ጠርቼ «ዱ ምንድነው?» ማለት እችል ነበር። ዘይት አፍስሼም መሞከር እችል ነበር፤ ግን ትናንት የሳቅኩበትን ነገር ዛሬ ስሠራ ቢያየኝስ? ብሎኖቹን ሁሉ አጠበቅኩ። ከሰዓት በኋላ እስከ ጎባ ነድተን ሞከርናት። መንገዱ ሜዳ ነው፤ መብራቱም አልበራም። ሙክታር ሲመርቀን ምርቃቱን ለብቻዬ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ሙክታር ከነእናቱ የዲንሾን ቁልቁለት ሲወርድ ዘይቱ ሁሉ ወደ ፊት ሸሸ። በሮቹም አሳልፈው ከኋላው ተዘጉበት፤ ወደ ፖምፓው መመለሻ አጣ። ሞተሩ መታጠፊያ ላይ ጠፋ፤ መሪውና ፍሬኑ ከበዱ። መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጥታ ገብስ ማሳ ውስጥ ገባች። ሙክታር ምንም አልሆነም። የእናቱ፣ የእማማ ፋጡማ፣ ቀኝ ክንድ ግን ክርኑ ላይ ደቀቀ።

መኪናዋን ጎትተው አመጧት። ለማየት ያህል አስነሳናትና ያ ድምፅ ወጣ። ሐጂ አልዪ አጥፉት አሉና ኮፓውን ራሳቸው ፈቱ። ጠመኔውን ዘይቱ አጥቦታል። ሐጂ ቆርቆሮውን አገላብጠው አዩና በእጃቸው የሞተሩን የኋላ በኩል እያመለከቱ ለከድር በኦሮምኛ «ገራ ዱባ» አሉት። ወደ ኋላ መሆን ነበረበት ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

አቅጣጫውን የወሰነው ማን እንደሆነ ጠየቁን።

«ምልክቱን ያደረገው ከድር ነው፤ እኔ ምልክቱን ተከትዬ ነው ያሰርኩት» አልኳቸው።

ከዚህ ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል የለችም። በእውነት ቃል ብቻ መዋሸት እንደሚቻል ያን ቀን አወቅኩ። ከድር ይናገራል፣ ያዋርደኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን «ምልክቱ የእኔ ነው» ብቻ አለ። የሙክታር ዘመዶች በር ላይ ቆመው ነበርና ሐጂ ከድርን አሰናበቱት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ጨርቁን አጥፎ አስቀምጦ ወጣ። ኩራቱ ነው ብዬ የባሰ ጠላሁት፤ እሱን ባልጠላ ራሴን መጥላት ሊኖርብኝ ነው።

ለአንድ ዓመት ብዬ የመጣሁበት አገር አስቀረኝ። እዚሁ አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፤ ዛሬ ኦሮምኛ ስናገር የማያውቀኝ ሰው የባሌ ልጅ ነው ይለኛል። ከድር ጎባ ላይ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንዳችን ማዶ እንሻገራለን።

ባለፈው ዓመት ሐጂ አልዪ አረፉና ለቅሶ ቤት ውስጥ ከከድር ጎን ቦታ ደረሰኝ። ለስንት ዓመት ስሰናዳበት የኖርኩትን ንግግር ድምፄን ዝቅ አድርጌ በኦሮምኛ ነገርኩት። ፊደሏን በተሳሳተ መንገድ ማንበቤን፣ ሐጂ ፊት እያወቅኩ ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም። እሱ ሆን ብሎ በአማርኛ መለሰልኝ።

«ሙሉውን መጻፍ አቅቶኝ መሰለህ? እንድትጠይቀኝ ነው በአንድ ፊደል የተውኩት። አንድ ቀን እንኳ እንድትጠይቀኝ።»

«ሳልጠይቅ ብገጥመውስ ብለህ አላሰብክም?»

«አስቤያለሁ» አለ።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ በንዴት ተቃጥዬ ወደ ሮቤ ተመለስኩ። ሃያ ዓመት የተሸከምኩትን ጥፋት እኩሌታውን ሲወስድልኝ ሊቀለኝ ይገባ ነበር፤ አልቀለለኝም። ብቻዬን ጥፋተኛ መሆን ይሻለኝ ነበር መሰለኝ፣ ቢያንስ ጥፋትን በግልጽ በማመን አይበልጠኝም ነበር። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው ሌላው ነገር የታየኝ። ስለ ፊደል፣ ስለ ንቀት፣ ስለ እሱና ስለ እኔ ስንነጋገር የእማማ ፋጡማን ስም አንዳችንም አላነሳንም።

ሻዬን ትቼ ተነሳሁና ወደ ገበያው ስሻገር እማማ ፋጡማን ዛሬም አገኘኋቸው፤ ሮቤ ትንሽ ከተማ ናት። አርጅተዋል። የልጃቸውን መኪና እኔ እንደነካሁት አያውቁም፤ በእኔ የሚያውቁት የልጅ ልጃቸውን ማስተማሬን ብቻ ነው። ቀኝ እጃቸው ከነጠላው ሥር እንደታጠፈ ነው። ግራቸውን ዘረጉልኝ።

«በግራ ነው የጨበጥኩህ፣ አውፍ በለኝ ልጄ» ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ።

«ምንም አይደል፣ እማማ» አልኳቸው።