ተቀምጦ የሚሠራ ሰው አይደክመውም

በአባቴ ሕግ ድካም የቆፋሪ፣ የተሸካሚና የወላድ ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ደከመኝ የማለት መብት የለውም። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ የትም ሳያደርሰኝ ቤት ቀርቼ ስለነበር ሕጉ እኔንም ይመለከተኝ ነበር። ውኃ ብቀዳ፣ የቤቱን ልብስ ሁሉ ባጥብ፣ ያው «ቁጭ ያለች» ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ግን ከእኔም የባሰ ነበር። እሱ የሚቀመጠው ሰማይ ላይ ነው፤ ያውም ምግብ እየቀረበለት፣ ያውም እየተከፈለው። አውሮፕላን አብራሪ ነው።

መጀመሪያ «ረዳት አብራሪ ሆነ» ሲባል አጎቴ አዝኖ ነበር። እሱ የሚያውቀው ረዳት ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሻንቶ! ሻንቶ! አንድ ሰው!» እያለ የሚጮኸውን ነው። ከካፒቴኑ ጎን ተቀምጦ እሱም እንደሚነዳ ሲነገረው ግን ፊቱ በራ።

«እንግዲያው ጋቢና ነው በሉኛ!» አለ።

ጋቢና በእኛ መስመር ትልቅ ነገር ነው። ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ምቹ ነው፣ ነገር ግን ግዴታ አለበት፤ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ሹፌሩ እንዳይተኛ ያወራል። ከአዲስ አበባ ሶዶ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሹፌሮቻችን ደግሞ ሶዶ ደርሰው ከመኪናው ሳይወርዱ ለመመለስ ሰው የሚጠሩ ናቸው። ጫት ያነቃቸዋል፤ ጫቱ ሲያልቅ ወሬ ያነቃቸዋል። ጋቢና ተቀምጦ ዝም ያለን ሰው ተሳፋሪው ሁሉ ከኋላ በክፉ ዓይን ያየዋል።

የዚያን ዓመት ለጊፋታ፣ ለእኛ ለወላይታዎች ዘመን መለወጫ፣ ወንድሜ እንደሚመጣ ደወለ። ሰኞ ጠዋት ወደ አርባ ምንጭ እንደሚበርም ለአባቴ ነገረው። ያንን ባይነግረው ይሻል ነበር። አባቴ በዴሳ ገበያ ላይ በቆሎና ቦሎቄ የሚነግድ ሰው ነው፤ ወሬም አብሮ ያከፋፍላል። በሳምንቱ ውስጥ «ሰኞ ልጄ በላያችን ያልፋል፣ ወጥተን እጃችንን እናውለበልብለታለን» የሚለውን ያልሰማ እህል ገዢ አልነበረም።

ወንድሜ ሳምንቱን ሌሊት ሌሊት ሲበር ሰንብቶ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ እንዳረፈ ዩኒፎርሙን አውልቆ በቀጥታ ሚኒባስ ተሳፈረ። ዕድሉ ሆኖ ጋቢና ደረሰው። ሹፌሩ ሥራውን ጠየቀው፤ እሱም እንደ ሞኝ እውነቱን ነገረው። ከዚያ በኋላ መተኛት የት አለ? አውሮፕላን ፍሬን አለው ወይ፣ ደመና ውስጥ ስትገቡ ጥሩምባ ትነፋላችሁ ወይ፣ ትራፊክ ፖሊስ ስለሌለ ደስ አይልም ወይ ሲባል ቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ! ሹፌሩ ንቁ ሆኖ ገባ። ወንድሜ የበርበሬ ዳጣ የተረጨበት ይመስል ዓይኑ ቀልቶ ገባ።

«እማዬ፣ ትንሽ ልተኛ» አለ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ።

«ተኛ፣ ታ ናአው» አለች እናቴ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «መጀመሪያ ግን ብላ።»

መብላት በእኛ ቤት ብቻውን አይመጣም፤ ጎረቤት ይዞ ይመጣል። ሙቹዋው፣ ያ በቅቤ የራሰ የበዓል ቆጯችን፣ ሲቀርብ አጎቴ ቀረበ፤ አጎቴ ሲቀመጥ ግቢው ሞላ። ወንድሜ ተኛሁ ብሎ ጓዳ ሲገባ እኔ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እንደተለመደው ቁጭ ያለች።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታችን ነበረች፤ ልጇን እየጎተተች።

«ሆስተስ ትሆናለች ወይ ብዬ ነው። ቁመቷን ብቻ ይይልኝና ይተኛ።»

«ተኝቷል» አልኳት።

«ታዲያ ተኝቶ ማየት አይችልም እንዴ? በሩን ክፈቺለት።»

ቀጥለው የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ መጡ። ሊጸልዩለት ነው፤ ጸሎት እንዴት ይከለከላል? ወንድሜ ወጥቶ ተንበረከከ። ሽማግሌው እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ከአዳም ጀመሩ። ገና ኖኅ ጋ ሳይደርሱ ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። ሽማግሌው ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ «እዩ! እዩ እንዴት እንደተነካ!» አሉ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ሳቄን ነከስኩት።

ከዚያ የቀበሌው ሰውዬ ከነቦርሳው ገባ። በማግስቱ ጠዋት፣ በበዓል ቀን፣ ለነዋሪው አጭር ንግግር እንዲያደርግ ፈልጓል። ርዕሱን ራሱ አዘጋጅቶታል፤ «ከአርሶ አደር ልጅነት እስከ ሰማይ»።

«አባታችን ነጋዴ ነው» አልኩት።

«ለሪፖርቱ አርሶ አደር ይሻላል። ወንድምሽ እኮ የልማታችን ፍሬ ነው!»

«ፍሬው እንቅልፍ አጥቷል።»

«አንቺ ደግሞ አፍሽ! ተቀምጦ አይደል እንዴ የሚውለው?» ብሎ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ከአገር የሚበልጥ ክብር እንደተሰጠው ራሱን ነቀነቀ። ንግግሩም በማግስቱ ተደረገ። አጭር የተባለው የወንድሜ ነበር፤ የሰውዬው መግቢያ ግን በሬ አርዶ ለመከፋፈል ይበቃል።

እሑድ ከምሳ በኋላ ወንድሜን ከቤት ጀርባ አገኘሁት። የእንሰቱ ግንድ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆሟል። ከመጣ ጀምሮ የተኛው እንቅልፍ ተሰብስቦ ለአንድ ድመት አይበቃም።

«ነገ እንዲህ ሆኜ መብረር የለብኝም» አለኝ። «ደንቡም ይከለክላል። ደውዬ ብቁ አይደለሁም ማለት አለብኝ።»

«ታዲያ ደውላ! ምን ትጠብቃለህ?»

«አባዬስ?»

«አባዬ ተሳፋሪ ነው እንዴ?»

ይታያችሁ፤ ያን ሁሉ ነፍስ ይዞ ደመና የሚሰነጥቅ ሰው አንድ የቦሎቄ ነጋዴ ፈርቶ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ያሻል።

«ሚኒባስ ውስጥ እተኛለሁ፣ ማታ ደግሞ ትንሽ እተኛለሁ፣ እነቃለሁ» አለ። እንኳን እኔ እንሰቱም አላመነውም።

ሽኝቱ ሌላ ሰርግ ነበር። ተመረቀ፣ ተሳመ፣ በላስቲክ ሥጋ ተሸከመ። አባቴ «ነገ ዝቅ ብለህ እለፍ፤ ሰው ይይህ» አለው። እኔ ልሸኘው አብሬው መናኸሪያ ወረድኩ።

ሚኒባሱ ላይ ያው የቅዳሜው ሹፌር! ጉንጩ በጫት ተወጥሯል፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። ከቅዳሜ ወዲህ አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሷል።

«ካፒቴን!» አለ። «ጋቢናን ለማንም አልሰጠሁም፤ ላንተ ነው የያዝኩት። ዛሬ አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚያርፍ ትነግረኛለህ።»

ወንድሜ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። መኪናው እስኪሞላ እንኳ አልጠበቀም። ጭንቅላቱ መስታወቱ ላይ ወደቀ፤ ማንኮራፋቱ እኔ የቆምኩበት ድረስ ተሰማ። ሹፌሩ ጎሸመው፤ ወይ ፍንክች። ጆሮው ሥር አጨበጨበ፤ ወንድሜ አፉን ከፈተ እንጂ ዓይኑን አልከፈተም። ሹፌሩ ዞሮ መጥቶ የጋቢናውን በር በረገደው፤ ወንድሜ በኔ ላይ ሊወድቅ ነበር።

«ካፒቴን፣ ውረድልኝ።»

«እንዴት ይወርዳል? ደክሞት እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«እኔም ደክሞኛል እህቴ! እሱ ሲያንኮራፋ እኔንም ይወስደኛል። ጋቢና ላይ የሚተኛ ሰው አልጭንም። የሰው ነፍስ ይዣለሁ!»

«አንተስ መቼ ነው የተኛኸው?»

«እኔ ሹፌር ነኝ» አለ ተቆጥቶ። «ሹፌር ይተኛል እንዴ?»

የኋላው ወንበር ደግሞ እስከዚያ ሞልቶ ነበር። ሹፌሩ ከወረፋው ውስጥ አንድ ለፍላፊ የጨርቅ ነጋዴ መርጦ ጋቢና አስገባና በጥሩምባ ተሰናበተን። መንገድ ላይ ስንት ኩርባ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለተሳፋሪዎቹ ከልቤ ጸለይኩ። ወንድሜ የመናኸሪያው አጥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ወደ ሳል፣ ሳሉ ወደ እንባ ሄደ።

«ለሚኒባስ ጋቢና ያልበቃሁ ሰው!» አለ። «ስልኬን አቀብይኝ፤ ቦርሳው ውስጥ ነው።»

ደወለ። ያ ሁሉ የተፈራ ስልክ የእናቴን ሰላምታ ያህል እንኳ አልፈጀም። ለነገው በረራ ብቁ አይደለሁም አለ፤ ተጠባባቂ አብራሪ አለ ተባለ፤ ተኛ ተባለ። አለቀ።

ቤት መመለስ ግን አይታሰብም፤ ቤት እንቅልፍ የለም። መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው አልጋ ቤት ወሰድኩት። የአልጋ ቤቱ ሰውዬ ከእግር እስከ ራሳችን ለካን።

«እህቱ ነኝ» አልኩ ሳልጠየቅ።

«እዚህ የሚመጣ ሁሉ እህት ነው» አለኝና ቁልፉን ሰጠኝ። ቶሎ ተመልሼ ስወጣ ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ታዘበኝ። ያ ወሬ ሳይቀድመኝ ቤታችን መግባቴን እስካሁን ተአምር ነው የምለው። ለቤት ሰዎች ምንም አላልኩም። ከ«ሸኘሽው ወይ?» ሌላ ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ ሸኘሁት።

ሰኞ ጠዋት መንደሩ በሙሉ ከቤታችን በላይ ካለው ሜዳ ወጣ። ከሻንቶ ድረስ የመጡ ነበሩ። ጎረቤታችን ልጇን ረጅም ታኮ ጫማ አጫምታ አምጥታታለች። የቀበሌው ሰውዬ ከፊት ቆመ፤ አውሮፕላኑን ቀበሌው የላከው ይመስል ነበር። ዳሞታ ተራራ ላይ ያለው ጉም ገለጥ ሲል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ነጭ ነገር፣ ጣት የምታክል፣ ብልጭ አለ።

«ዮዮ ጊፋታ!» ሲል አጎቴ የበዓሉን ዘፈን ጀመረ። ሜዳው በእልልታ ተቀደደ። አባቴ ጋቢውን ገፎ ከራሱ በላይ አውለበለበ። አውሮፕላኑ ዘንበል አለ፤ ወይም ዘንበል ያለ መሰለ።

«ክንፉን ነቀነቀልን! አያችሁ? ለአባቱ ነቀነቀ!» አሉ።

አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ወደ አርባ ምንጭ ሄደ። ከታች፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ወንድሜ በፊቱ ተደፍቶ እንደተኛ አውቃለሁ። አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ እየመለሰ ወደ እኔ መጣ። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ አፉ ግን ያው የሱ አፍ ነው።

«አንቺ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ደከመው፣ ይተኛ ስትይ ከረምሽ» አለኝ። «ይኸው አየሽ! የደከመው ሰው እንዲህ ይነዳል?»

«አይነዳም አባዬ» አልኩት። «የደከመው ሰው እንዲህ አይነዳም።»

በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን። ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም ከጓዳ ሙቹዋ በሳህን ሸፍኜ ወደ አልጋ ቤቱ ወረድኩ።